የጓሮው ቁልቁለት፦ ቬቲቨር፣ ካብ እና የላይኞቹ አሸንዳ

ሚያዝያ 2017

ከዛሬ ጀምሮ የምሠራውን እዚህ እጽፋለሁ፣ ተመሳሳይ ጣጣ ያለበት ሰው ካለ ይጠቅመው ይሆናል።

ቤታችን ባሕር ዳር ከቤዛዊት ኮረብታ ወረድ ብሎ ነው። ከጓሮ በኩል የሰው ቁመት ሁለት እጥፍ የሚሆን ቀይ አፈር ቀጥ ብሎ ተቆርጦ ቆሟል፣ ድሮ ቤቱ ሲሠራ መሬቱን ለማስተካከል ተቆፍሮ እንዲሁ የተተወ ነው፣ ከላዩ ደግሞ የሌላ ሰው ግቢ አለ። አምና በክረምት ጫፉ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ወጣ፣ ከዚያ አንድ ሌሊት ጎኑ ተገምሶ ወርዶ የኩሽናውን ቆርቆሮ ገፋው። ማንም አልተጎዳም፣ ግን እማዬ ከዚያ ወዲህ ዝናብ ሲያጉረመርም ኩሽና አትገባም፣ ከሰል ማንደጃውን ይዛ በረንዳ ላይ ነው የምታበስለው። እሷም እውነት አላት፣ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ገዜ ጎፋ የሆነውን ሁላችንም አይተናል፣ ከሁለት መቶ ሰው በላይ ነው ያለቀው፣ ያውም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ናዳ የተቀበሩትን ሊያወጡ ሮጠው የሄዱ ናቸው፣ እላያቸው ላይ ሁለተኛው ወረደ። የኛ ጓሮ ከዚያ ጋር አይወዳደርም፣ የሚያንሸራትተው ነገር ግን ያው ውሃ ነው።

ለግንብ ዋጋ ጠየቅን። ሪቴይኒንግ ዎል (አፈሩን ደግፎ የሚይዝ ግንብ) በሲሚንቶ ይሠራ ከተባለ የኛ አቅም አይደለም፣ በዚያ ላይ ያናገርኩት ግንበኛ ስለ ውሃ መውጫ ቀዳዳ ስጠይቀው «ጠንካራ ነው አታስብ» ነው ያለኝ፣ ይሄ መልስ አይደለም። ከኋላው ውሃ የታቆረበት ግንብ ራሱ ይወድቃል። ስለዚህ ያሰብነው ከግርጌው ዝቅ ያለ ደረቅ ካብ፣ ከላይ የጎርፍ መቀልበሻ ቦይ፣ መሃሉን ደግሞ በሣርና በቁጥቋጦ ሥር ማስያዝ ነው።

ግንቦት መጀመሪያ

ሥር እንዴት ነው ገደል የሚይዘው የሚለውን ማንበብ ጀመርኩ፣ ምክንያቱም «ዛፍ ትከሉ» የሚል ሰው ሞልቷል፣ ምን ዛፍ፣ የት፣ በምን ርቀት ስትለው ግን ዝም።

ነገሩ ከጭቃ ቤት ምርጊት ጋር አንድ ነው። ጭቃው ላይ ጭድ የሚጨመረው ለምንድነው? ጭቃ ሲጫኑት ይችላል፣ ሲስቡት ግን ይሰነጠቃል፣ ስለዚህ መሳቡን ጭዱ ይቀበልለታል። አፈርም እንደዚያው ነው፣ ቁልቁለቱ ሊንሸራተት ሲል የላዩ ሽፋን ከታችኛው ተለይቶ መንቀሳቀስ ይጀምራል፣ በዚያ መለያያ መስመር ላይ አቋርጠው ያለፉ ሥሮች ይወጠሩና ይይዙታል። ወፍራሞቹ ዋና ሥሮች ደግሞ ታች ጠንካራው አፈር ወይ ድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ከገቡ የላዩን ከታችኛው ጋር ያስሩታል።

በ1979 እ.ኤ.አ. ቲየን ዉ የሚባል መሐንዲስ አላስካ ውስጥ ደን የተጨፈጨፈባቸውን ተራሮች አጥንቶ አንድ ቀላል ቀመር አወጣ፦ ሥር ለአፈሩ የሚጨምርለት መያዣ ሥሩ ሲሳብ ያለው ጥንካሬ፣ ሲባዛ ከአፈሩ ስፋት ውስጥ አቋርጠው የሚያልፉት ሥሮች የያዙት ድርሻ፣ ሲባዛ 1.2 ገደማ። ለቬቲቨር ሣር በብዛት የሚጠቀሰው አማካይ ጥንካሬ 75 ሜጋፓስካል ነው፣ ማለት በካሬ ሚሊሜትር ሰባት ኪሎ ተኩል ገደማ ይሸከማል፣ የተራ ብረት አንድ ስድስተኛ ገደማ። እንግዲህ ባንድ ካሬ ሜትር አፈር ውስጥ ሁሉም ሥሮች ተደምረው 1 ካሬ ሴንቲሜትር ብቻ ቢሆኑ 9 ኪሎፓስካል ይመጣል፣ ማለት በካሬ ሜትር ወደ 900 ኪሎ የሚጠጋ ተጨማሪ ጉልበት። 1 ካሬ ሴንቲሜትር ለመሙላት ደግሞ ሚሊሜትር የማይሞላ ውፍረት ያላቸው ከ220 በላይ ቀጫጭን ሥሮች ይበቃሉ። በወረቀት ላይ ቆንጆ ነው። ችግሩ ሥሮች ሁሉም ባንዴ አይበጠሱም፣ የተወጠረው ቀድሞ ይሄዳል፣ ጭነቱ ወደሌላው ይዞራል፣ ስለዚህ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች የዉ ቀመር ያጋንናል ብለው አስተካክለውታል። እኔም ሳስብ ግማሹን ብቻ ነው የማምነው።

ያላመንኩትን ደግሞ ልሞክረው ብዬ ዓሣ ከሚሸጥ ጓደኛዬ የምትንጠለጠለውን ሚዛን ተዋስኩ። የሥሩን አንድ ጫፍ በጨርቅ እንጨት ላይ ጠምጥሜ ሌላውን መንጠቆው ላይ አስሬ ቀስ እያልኩ ሳብኩት። ችግኝ ጣቢያ ያገኘሁት የቬቲቨር ሥር ከስፌት ክር ብዙም አይወፍርም፣ መርፌዋ ሦስት ኪሎ አካባቢ ስትደርስ ነው የተበጠሰው፣ በስሌት ከሚወጣው ጋርም ይቀራረባል። አጥር ሥር ከበቀለው አክርማ የነቀልኩትም አላሳፈረም (ከልጅነት ጀምሮ ለስፌት አክርማ የነቀለ ሰው እጁ ያውቀዋል)። የገረመኝ የባህር ዛፉ ነው፣ ጣት የሚያክለው ሥሩ በእርግጥ ሚዛኗን ይሰብራታል፣ ግን በውፍረቱ ልክ ስታካፍለው ቀጭኑ ሥር ይበልጠዋል። መጻሕፍቱም ይህንኑ ነው የሚሉት፣ ሥር በቀጠነ ቁጥር በስፋቱ ልክ ሲለካ ይጠነክራል። ለዚህ ነው ሣር ሲናቅ የሚያናድደኝ።

ግንቦት፣ ዘጌ

ለሌላ ጉዳይ በጀልባ ዘጌ ሄጄ ነበር፣ ግን ዓይኔ ሥር ላይ ሆኗል። ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት በሚወስደው መንገድ ዳር መሬቱ የተቆረጠበት ቦታ ላይ ቆሜ አየሁት፦ የላይኛው አንድ ክንድ ያህል በጸጉር ሥር ተሸምኖ ቅጠላ ቅጠል እንኳን ሳይወድቅ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ከዚያ በታች ሥሩ እየሳሳ፣ ከሜትር በኋላ አልፎ አልፎ ወፍራም ሥር ብቻ። ዘጌ ላይ በአቡነ በትረ ማርያም ቃል ኪዳን መሬት በበሬ አይታረስም፣ ከብትም አይረባም ይባላል፣ ሰዉ በቡናና በጌሾ ነው የሚኖረው። ያልታረሰ ቁልቁለት ምን እንደሚመስል ማየት የፈለገ ሰው እዚያ ይሂድ።

ያ የተቆረጠ ዳር ግን ሌላም ነገር ነው የነገረኝ። ሥር የሚበዛው ላይ ላይ ነው። መንሸራተቻው መስመር ሜትር ወይ ሜትር ተኩል ላይ ከሆነ ሥር ይደርስለታል፣ አምስት ሜትር ታች ከሆነ ምንም ብትተክል ደኑን ከነነፍሱ ይዞት ነው የሚወርደው። የኛ ጓሮ አምና የተገመሰው ውፍረቱ ከጉልበት ብዙም የማይበልጥ ስለነበር ነው የደፈርኩት።

ግንቦት መጨረሻ

የቁፋሮ ሥራ። ቀጥ ብሎ የቆመው ላይ ምንም አይያዝም፣ ስለዚህ ከላይ እየሸረከትን ወደ ኋላ አስተኛነው፣ አርባ አምስት ዲግሪ አካባቢ ይሆናል፣ የወጣውን አፈር በጋሪ አስወጣን። ከግርጌው ካብ ካብን፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ወደ ገደሉ ትንሽ ዘንበል አድርገን፣ ከኋላው ኮረት ሞላንበት፣ ውሃው በድንጋዩ መሃል ይውጣ ብለን። የካቡን ሥራ አያ ደሴ ናቸው የመሩት፣ ድንጋይ አንስተው አንዴ ገልበጥ ካደረጉት በኋላ የት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ፣ እኛ ሦስቴ እንሞክራለን።

ከአያ ደሴ ጋር የተከራከርነው ባህር ዛፉ ላይ ነው። ከጫፉ ላይ ረዣዥም ባህር ዛፎች አሉ።

«አንተ ልጅ፣ እነዚህን ከነሥራቸው ንቀላቸው፣ ክብደታቸው ይጎትተዋል፣ ነፋስ ሲመጣ ያወዛውዙታል» አሉኝ።

ስለ ክብደቱና ስለ ነፋሱ ልክ ናቸው። ግን ጉቶ ነቅሎ ማውጣት ማለት ጫፉ ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ለዝናብ ማዘጋጀት ነው። የዛፍ ሥር ደግሞ ዛፉ ሲሞት ወዲያው አይለቅም፣ ዓመት እየቆየ ነው የሚበሰብሰው፣ አዲስ የተተከለው ሥር ገና ሳይደርስ አሮጌው የሚያልቅበት ጊዜ አለ፣ በየአገሩ ደን ከተመነጠረ ከሦስት ዓመት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ናዳ የሚበዛው ለዚህ ነው። ባህር ዛፍ ግን ሲቆረጥ ያቆጠቁጣል፣ ሥሩ በሕይወት ይቆያል። «አያ፣ ከጉልበት በታች ቆርጠን ጉቶውን እንተወው፣ ቡቃያውን በየሁለት በየሦስት ዓመቱ ለማገር ይውሰዱት» አልኳቸው። ማገር የሚለው ቃል ሥራውን ሠራ፣ ተስማሙ።

ከሁሉም ያስቸገረን የላይኞቹ ጎረቤቶች ነገር ነው። የቤታቸው ጣሪያ አሸንዳ የለውም፣ ክፈፉ ላይ የሚወርደው ውሃ በሙሉ ወደኛ ቀኝ ጥግ ነው የሚፈስሰው። መቀልበሻ ቦዩን በጫፉ ላይ ሰፈር ቦይ ድረስ በውሃ ልክ እየለካን ቀስ ያለ ዘንበልታ ሰጥተን ቆፈርን፣ ያ ጥግ ግን ከነሱ አጥር ውስጥ ስለሆነ አልደረስንበትም። አሸንዳ አብረን እናስገባ ብለን ጠየቅን፣ «ከክረምት በኋላ እናያለን» ተባልን። ከክረምት በኋላ!

ሰኔ

ዝናቡ ደህና አድርጎ ከያዘ በኋላ ተከላ። አንድ ሁለት ዝናብ አይቶ መትከል አይገባም፣ አፈሩ ክንድ ድረስ መራስ አለበት፣ ካልሆነ የሰኔ ፀሐይ መሃል ላይ ብቅ ሲል ችግኙን ያነደዋል።

ቬቲቨሩን ከችግኝ ጣቢያ በጆንያ በባጃጅ አመጣነው። ይሄ ሣር ወደ አገራችን የገባው በ1970ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በጅማ በኩል ለቡና ማሳ ነው፣ አሁን ብዙ ቦታ አለ። አያ ደሴ ጆንያውን ገልጠው አዩና «ይሄ ደግሞ ከውጭ የመጣ ነው? እንደ እምቦጭ ሊወርረን?» አሉ። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ይሄ ጥያቄ ቀልድ አይደለም፣ እምቦጭ በ2011 እ.ኤ.አ. ሐይቁ ላይ ከታየ ጀምሮ ስንቱ አጥማጅ ጀልባውን አቁሟል። ግን ቬቲቨር ሌላ ነው፣ ለተከላ የሚሰራጨው ዓይነት የሚበቅል ዘር አያፈራም፣ እንደ ሰርዶም መሬት ላይ እየዳኸ አይሄድም፣ የተከልከው ቦታ ላይ ነው የሚቆየው፣ የሚባዛው በግንጣይ ብቻ ነው። ሥሩም ወደ ጎን ሳይሆን ቀጥታ ወደ ታች ነው የሚወርደው፣ ሲደላው ሁለትና ሦስት ሜትር ይደርሳል፣ ሣር ሆኖ ይሄን የሚያደርግ ብዙ አላውቅም።

አተካከሉ እንዲህ ነው። ጉብታውን በገጀራ እየከፈልን ሁለት ሦስት ቡቃያ ያለው ግንጣይ አወጣን፣ ቅጠሉን ከስንዝር ብዙ ሳይበልጥ ቆረጥነው፣ ሥሩንም አሳጠርነው፣ እበት በውሃ በጥብጠን ነክረን ጥላ ውስጥ አሳደርነው። ከዚያ በቁልቁለቱ ላይ አግድም ሲባጎ ወጥረን በውሃ ልክ እያስተካከልን ተከልነው፣ ረድፉ ወደ ታች ከዘመመ ውሃውን ሰብስቦ አንድ ቦታ ያፈስሰዋል፣ እሱን ደግሞ ማንም አይፈልግም። በግንጣይና በግንጣይ መሃል አራት ጣት፣ ቢበዛ አምስት ጣት፣ ሰፋ ካለ አጥር አይሆንም፣ በመሃሉ ውሃ ያልፋል። ረድፉ ከረድፍ በከፍታ አንድ ሜትር አካባቢ።

በረድፎቹ መሃል ሰርዶ ከነአፈሩ እየገመስን አነጠፍን፣ ለላዩ ሽፋን ከሰርዶ የሚፈጥን የለም። ሰንሰል ደግሞ ከአጥር ላይ ቆርጠን ክንድ ክንድ የሚያህለውን ወደ ውስጥ ሰካነው፣ ሰንሰል ስትሰካው ይበቅላል፣ ሥሩም ከሣሩ ትንሽ ወፈር ይላል። የጓደኛዬ ምክር ደሾ ሣር ነበር፣ ለከብት መኖ ደሾ ጥሩ ነው፣ ግን እኛ የፈለግነው የሚታጨድ ሳይሆን የሚቆም ነው። ቀርከሃም ተጠይቄ ነበር፣ አልተከልኩም፣ ቀርከሃ ላይ ላይ ነው ሥሩን የሚያነጥፈው፣ ብዙ ቦታም ይወስዳል፣ ለወንዝ ዳር ይሁን እንጂ ለዚህች ጠባብ ጓሮ አይሆንም።

ዋንዛ ሁለት ችግኝ ግርጌው አካባቢ፣ ከካቡ ራቅ አድርገን። ጫፉ ላይ ትልቅ ዛፍ አልተከልንም።

ሐምሌ

ይዘንባል። ሣሩ አረንጓዴ ሆኗል። ጥጃ ገብታ አንዱን ረድፍ ጫፍ ጫፉን በልታለች፣ አልነቀለችውም።

ነሐሴ

ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት ይላል ሰዉ፣ ዘንድሮ ግን ከቡሄ በኋላ ነው ያበረታው። ሌሊቱን ሙሉ ሲያወርደው አድሮ ጠዋት ጃንጥላ ይዤ ጓሮ ወጣሁ።

ግራውና መሃሉ ቆሟል። በየረድፉ ጀርባ ላይ የደለለ አፈር ትንሽ ትንሽ ተከማችቷል፣ ጥሩ ነው፣ ቀስ በቀስ ራሱ እርከን ይሆናል። በካቡ ድንጋዮች መሃል ውሃ ጠብ ጠብ ይላል፣ ንጹህ ነው፣ አፈር ይዞ አይወጣም። ቀኝ ጥጉ ግን ሄዷል። በሩን የሚያክል ቁራጭ ከነሰርዶው፣ ከነሰንሰሉ፣ ከነቬቲቨሩ ተንሸራቶ ካቡ ላይ ተቀምጧል። ጎንበስ ብዬ የተላጠውን አየሁት፣ እርጥብ ብቻ አይደለም፣ ጣቴን ስሰድበት እስከ ሁለተኛው አንጓ ገባ፣ ሳወጣው ቀዳዳው ውሃ ሞላ። የቬቲቨሩ ሥሮች አብዛኛዎቹ አልተበጠሱም፣ ተመዘዙ። ይሄ ነው ዋናው ነገር። ሥር የሚይዘው አፈሩ ሲጨብጠው ነው፣ አፈሩ በውሃ ጠግቦ ከላላ ሥሩ የቱንም ያህል ይጠንክር ይመዘዛል እንጂ የሚበጠስበት ደረጃ አይደርስም። ሚዛን ላይ ሦስት ኪሎ የያዘው ሥር እዚህ ሦስት መቶ ግራምም አልያዘ ይሆናል።

ሰው «ዕፅዋት ውሃውን ይጠጡታል» ይላል፣ እውነት ነው፣ ሥር አፈሩን ያደርቀዋል፣ የደረቀ አፈር ደግሞ ይጠነክራል። ግን በኛ አገር ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ተጠራቅሞ ነው የሚመጣው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደመናው ቀኑን ሙሉ ሳይገለጥ ሣሩ ምን ያህል ይጠጣ? በጣም በምትፈልገው ወር ላይ ነው መጠጣቱ የሚደክመው። ስለዚህ ውሃውን ቀድሞ ማስቀየስ የሥሩ ሥራ አይደለም፣ የቦዩና የአሸንዳው ነው።

ከዚህ ወደ አዴት በሚወስደው መንገድ ደብረ ማዊ የሚባል ቦታ አለ፣ ትልልቅ ቦረቦር ያለበት፣ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲና የኮርኔል ተመራማሪዎች እዚያ የከርሰ ምድር ውሃውን እየለኩ አጥንተውታል። ያገኙት፣ ውሃው ከቦረቦሩ ወለል በላይ ቆሞ ባለበት ዳሩ እየተናደ ይሰፋል፣ ውሃው ዝቅ ባለበት ግን ቦረቦሩ ተረጋግቷል። እዚያ ጥቁር አፈር ነው፣ የኛ ቀይ ነው፣ ልዩነቱ ይገባኛል፣ የቀኝ ጥጋችን ታሪክ ግን ያው ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት የላይኞቹን ጠርቼ ተንሸራቶ የወረደውን አሳየኋቸው፣ ምንም አልተናገርኩም፣ አባወራው ራሱ ቀና ብሎ የጣሪያውን ክፈፍ አየ። ከዚያ የኔን ጣሪያ አየ። «ቆርቆሮው በኔ፣ ሠራተኛው በእናንተ» አለ። በማግስቱ ዝናቡ ጋብ ሲል አሸንዳው ተሰቀለ፣ ውሃው በቱቦ ወደ ሰፈር ቦይ ወረደ። የወረደውን አፈር ግን አልነካነውም፣ ክረምት ላይ ግርጌውን መንካት የላዩን መጥራት ነው። ላስቲክ ብቻ አለበስነው፣ እሱንም ጳጉሜን ላይ አነሳነው፣ ብዙ ጊዜ ከቆየ ሣሩን ይገድለዋል።

መስከረም 2018

ዝናቡ እየሳሳ ነው። አዲስ የወረደ የለም። ሰንሰሉ አብዛኛው ይዟል። እማዬ ለእንቁጣጣሽ ዶሮ ወጡን ኩሽና ውስጥ ነው የሠራችው።

ኅዳር

ሥሩን ማየት አለብኝ ብዬ ከቬቲቨሩ አንዱ ረድፍ ጎን በጥንቃቄ ቆፈርኩ፣ ሣሩን ሳልነካ ከአጠገቡ ብቻ፣ ውሃ እየረጨሁ አፈሩን በጣት እየጠረግኩ። ነጭ ቢጫ ሥሮች ቀጥ ብለው ወርደዋል፣ ሜትር ሊሞላ ትንሽ የቀረው፣ ጫፋቸው ላይ አፈሩ ተጣብቆ አይለቅም። የሰርዶው ግማሽ ስንዝር ላይ ቆሟል፣ እሱ ላዩን ነው የሚሸፍነው፣ ከዚያ በላይ አይጠበቅበትም። የሰንሰሉ በሁለቱ መሃል፣ አንዱ እንዲያውም ወደ ቬቲቨሩ ረድፍ ገብቶ ተጠላልፏል። ጉድጓዱን በዚያው ቀን ረግጬ ደፈንኩት።

ስንጥቁ ግን ራሱ ጉዳይ ነው። ካቻምና ጫፉ ላይ የወጣው ስንጥቅ ወደ ላይኞቹ ግቢ ትንሽ ይገባል፣ ምን ያህል እንደሚጠልቅ ከላይ ሆኖ አይታወቅም። በሁለቱም ወገን ችካል መትተን መሃላቸውን በየወሩ በሜትር እየለካሁ ደብተር ላይ እጽፋለሁ፣ ላዩን በሸክላ አፈር ደፍነነዋል፣ ውሃ እንዳይገባ። እስካሁን አልሰፋም። ከሰፋ ይሄ የሥር ጉዳይ መሆኑ ያበቃል፣ የመሬት ምርመራ የሚያውቅ መሐንዲስ ነው የሚጠራው፣ ኩሽናውንም ከዚያ እናነሳዋለን።

ቀኝ ጥጉን አሁን በበጋው አስተካክለን እናስተኛዋለን፣ ካቡንም እናጠናክረዋለን፣ ተከላው ግን እስከ ሰኔ ይቆያል። የሚተከለው ግንጣይ ከመሃለኛው ረድፍ ተከፍሎ ይወጣል፣ ከታች ያሉት ጎረቤቶችም ጠይቀውኛል፣ ለሁለታችንም ይበቃል። ከዚያ በፊት ግን አጥሩን መጠገን አለብኝ፣ ጥጃዋ መንገዱን ለምዳዋለች።